የሲኒማ ቤት ተመልካች ቁጥር በወንበር ሳይሆን በአየር ይወሰን

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

በአገራችን የመጀመሪያው የኮቪድ-19 ታማሚ መገኘቱ መጋቢት 4 ቀን 2012 ይፋ ከሆነ ከሦስት ቀን በኋላ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፣ ሕዝብ የሚሰበሰብባቸው ዝግጅቶችም ታገዱ። ሲኒማ ቤቶችም አብረው ጨለሙ። ለመዝጋት አንድ መግለጫ በቂ ነበር። ወረርሽኙ ሳያበቃ መልሶ ለመክፈት ግን ስንት ሰው፣ በምን ያህል አየር፣ ለስንት ሰዓት የሚሉት ጥያቄዎች በቁጥር መመለስ አለባቸው። የዓለም ጤና ድርጅት ሚያዝያ 27 ቀን 2015 ኮቪድ ዓለም አቀፍ የጤና አደጋ መሆኑ አብቅቷል ካለ ወዲህ ጉዳዩን የሚያነሳው ሰው የለም። እኛ በአዳራሽ አየር ማስተላለፊያና በሲኒማ ቤት ቴክኒክ ሥራ ላይ የተሰማራን ባለሙያዎች ግን መልሱ መዘጋጀት ያለበት አሁን ነው እንላለን። የአዳራሽ አየር በደንብ የሚለካው አዳራሹን ሰው ሲሞላው ነውና፣ አንዴ ከተዘጋ በኋላ እንለካ ቢሉ የሚለካ ነገር አይገኝም።

ሐሳባችን ይህ ነው፦ በወረርሽኝ ጊዜ ለአንድ ሲኒማ ቤት የሚፈቀደው የተመልካች ቁጥር በወንበሩ ብዛት መወሰኑ ይቅርና ወደ አዳራሹ በሚገባው የውጭ አየር መጠን ይወሰን።

በትንፋሽ የሚተላለፍ በሽታ የያዘው ሰው ሲተነፍስ፣ ሲስቅና ሲያወራ የሚያወጣቸው ጥቃቅን ጠብታዎች ዓይን አያያቸውም፤ ለደቂቃዎች፣ አንዳንዴም ከሰዓት በላይ በአየር ላይ ይንሳፈፋሉ። ሁለት ሰዓት በተዘጋ አዳራሽ ለሚቀመጥ ተመልካች ዋናው አደጋ እዚህ ላይ ነው። የሁለት ሜትር ርቀት ከጎን ከተቀመጠው ሰው ትንፋሽ ይከላከላል፤ የአዳራሹ አየር ካልተቀየረ ግን በመጨረሻው ግማሽ ሰዓት የኋላ ረድፍም የፊት ረድፍም የሚስቡት ያንኑ አየር ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በየካቲት 2013 ባወጣው የአየር ማናፈሻ መመሪያ ከሕክምና ተቋማትና ከመኖሪያ ቤቶች ውጪ ላሉ ቤቶች በነፍስ ወከፍ በሰከንድ 10 ሊትር የውጭ አየር እንዲገባ መክሯል። ይህ በሰዓት 36 ሜትር ኪዩብ ማለት ነው። ከዚህ በታች ያለው ስሌት ሁሉ የቆመው በዚህች ቁጥር ላይ ነው።

ሌሎች አገሮች መጀመሪያ የሄዱት በወንበር ነው። ቻይና ሐምሌ 13 ቀን 2012 ዝቅተኛ ስጋት ባለባቸው አካባቢዎች ሲኒማ ቤቶችን ስትከፍት ከወንበሩ 30 በመቶው ብቻ እንዲሸጥ፣ ምግብና መጠጥ እንዳይኖር፣ የአንድ ፊልም ርዝመት ከሁለት ሰዓት እንዳያልፍ አዘዘች። የኒውዮርክ ግዛት በኒውዮርክ ከተማ ያሉትን የካቲት 26 ቀን 2013 ስትከፍት 25 በመቶ፣ ያም ሆኖ በአንድ አዳራሽ ከ50 ሰው ያልበለጠ ብላ፣ በተጨማሪም የተሻለ የአየር ማጣሪያ እንዲገጠም ጠየቀች። ከሁለቱ ትእዛዞች የፊልሙ ርዝመትና የአየር ማጣሪያው ነገሩን በትክክል የነኩት ናቸው። በመቶኛ የተቀመጠው ቁጥር ግን አዳራሹን አያውቀውም።

በአንድ አዳራሽ እናስላው። 15 ረድፍ፣ በእያንዳንዱ 20 ወንበር፣ በድምሩ 300 ወንበር ያለው ሲኒማ ቤት እንውሰድ። የወንበሩ ስፋት 55 ሳንቲ ሜትር፣ ከረድፍ እስከ ረድፍ 90 ሳንቲ ሜትር ነው። ወደ ሁለት ሜትር የሚጠጋ ርቀት ከተፈለገ ቢያንስ አንድ ረድፍ እየዘለሉ ማስቀመጥ፣ በጎን ደግሞ ሦስት ወንበር ባዶ መተው ግድ ይላል። ስምንት ረድፍ ይቀራል፤ ሁሉም ብቻውን ከመጣ በአንድ ረድፍ 5፣ በጠቅላላው 40 ሰው ይገባል። ሁሉም ሁለት ሁለት ሆኖ ከመጣ 64 ይሆናል። «በግማሽ ይከፈት» የሚል ትእዛዝ 150 ሰው ስለሚያስገባ ሁለት ሜትሩን ከመጀመሪያው ቀን ይጥሰዋል፤ አስተናጋጁም የማይቻል ነገር እንዲያስከብር ይገደዳል። በ64 ሰው ደግሞ ባለቤቱ የኪራይና የመብራት ወጪውን እንኳ አይሸፍንም፤ ሲቸግረው በሩን ዘግቶ ወንበሩን ይሞላል።

አሁን ያንኑ አዳራሽ በአየር እንየው። ርዝመቱ 20፣ ስፋቱ 15፣ አማካይ ከፍታው 6 ሜትር ቢሆን 1,800 ሜትር ኪዩብ አየር ይይዛል። የማስወጫ ቬንትሌተሩ ፍርግርግ ግማሽ ሜትር ካሬ ስፋት ካለውና በነፋስ መለኪያ ዘጠኝ ቦታ ላይ ተለክቶ አማካይ ፍጥነቱ በሰከንድ 2 ሜትር ከሆነ፣ በሰዓት 3,600 ሜትር ኪዩብ ያወጣል። ያን ያህል የውጭ አየር በሌላ በኩል ይገባል ማለት ነው። ለ36 ሲካፈል 100 ሰው። ስለዚህ ይህ አዳራሽ በ«ግማሽ» ትእዛዝ ከሚገባው ያነሰ፣ በሁለት ሜትሩ ከሚገባው የበለጠ ተመልካች መያዝ ይችላል። ባለቤቱ ሁለተኛ ቬንትሌተር ቢጨምር 200 ሰው ይፈቀድለታል። ለንግዱ ሰው ግልጽ ምክንያት የሚሰጠው እንዲህ ያለ ደንብ ነው፤ ለቬንትሌተር ያወጣው ገንዘብ በቲኬት ይመለሳልና። በቡድን በቡድን መካከል አንድ ባዶ ወንበር መተው አሁንም ያስፈልጋል፤ ክፍተቱ ግን ተመልካቹ የት እንደሚቀመጥ ይናገራል እንጂ ስንት ሰው እንደሚገባ አይወስንም።

ነገሩ የሚበላሸው ብዙውን ጊዜ በቬንትሌተሩ ላይ ነው። በሦስት ፌዝ የሚሠራ ሞተር የኤሌክትሪክ ጥገና ከተደረገ ወይም ትራንስፎርመር ከተቀየረ በኋላ ሁለት ፌዞች ከተለዋወጡ ወደ ኋላ ይዞራል። ባለ ክንፉ ቬንትሌተር ከሆነ ማስወጣት ሲገባው ያስገባል፤ ባለ ከበሮው ከሆነ ደግሞ አየሩን በትክክለኛው አቅጣጫ እየገፋ መጠኑን በእጅጉ ይቀንሳል። ሁለተኛው የከፋ ነው፤ ድምፁ ስላለና ትንሽ ነፋስም ስለሚሰማ ማንም አይጠረጥረውም። የመዞሪያውን አቅጣጫ የሚያሳየው ቀስት በሞተሩ ወይም በቤቱ ላይ ስላለ ሲጠፋና ሊቆም ሲል ማየት ይበቃል። ከዚያ አንድ ቅጠል ሶፍት ወደ ማስወጫው ፍርግርግ ማስጠጋት ነው፦ ተስቦ ከተለጠፈ ያወጣል፤ ከወደቀ ወይ ቺንጋው ላልቷል፣ ወይ ፍርግርጉን አቧራ ደፍኖታል፣ ወይ ጣራው ላይ ወፍ ጎጆ ሠርታበታለች።

ማስወጫው ቢሠራም አየሩ የትኛው ወንበር እንደማይደርስ ማወቅ ያስፈልጋል። ለዚህ ከዕጣን የተሻለ መሣሪያ አላየንም። በትንሽ ማጨሻ ዕጣን ለኩሶ የፎቅ መቀመጫው (ባልኮኒው) ሥር፣ በኋላ ማዕዘኖችና በስክሪኑ ግራና ቀኝ ወንበር ላይ ማስቀመጥ፣ የባትሪ ብርሃን ከጎን ማብራትና ጭሱን መከተል። ጭሱ ወደ ማስወጫው እየሄደ ከሳሳ ደህና ነው። ቀጥ ብሎ ወጥቶ ባለበት የሚከማች ከሆነ እዚያ ያሉት ወንበሮች አይሸጡ። ከአየር ማስገቢያው የገባው ጭስ ተመልካቹን ሳይነካ በቀጥታ ወደ ማስወጫው ከሄደም ሁለቱ በጣም ተቀራርበዋል ማለት ነው፤ በስሌቱ 100 ሰው ያለው ቬንትሌተር ለግማሹም አይደርስም።

ኤሲን በተመለከተ አንድ የተለመደ ስሕተት አለ። ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው ኤሲ የውስጡን አየር ወስዶ፣ አቀዝቅዞ እዚያው ይመልሳል፤ ከውጭ አንድ ሊትር አያስገባም። ቅዝቃዜው ግን ንጹሕ አየር የገባ ያስመስላል። በገበያ ማዕከላት ውስጥ ያሉ ሲኒማዎች ማዕከላዊ ኤሲ አላቸው፤ እነሱ ዘንድ መታየት ያለበት የውጭ አየር ማስገቢያው መዝጊያ ነው፤ ኃይል ለመቆጠብ ተብሎ ተዘግቶ ሊገኝ ይችላል። ማጣሪያው መርቭ 13 (ጥቃቅን ብናኝ የሚይዝ የማጣሪያ ደረጃ) ቢሆን ይመረጣል፤ ደካማ ሞተር ግን ጥቅጥቅ ያለ ማጣሪያ ሲገጠምበት አየሩን መግፋት ያቅተዋል። ስለዚህ ከተቀየረ በኋላ ፍጥነቱ እንደገና ይለካ። አዲስ አበባ በዚህ በኩል የታደለች ከተማ ናት፤ ዓመቱን ሙሉ የውጭ አየሩን ብዙ ሳያሞቁም ሳያቀዘቅዙም ማስገባት ይቻላል። በክረምት ምሽት ተመልካቹ ጋቢ ወይም ሹራብ ይያዝ።

መብራት ሲጠፋስ? በብዙ ቤቶች ጄነሬተሩ የተገናኘው ከፕሮጀክተሩ፣ ከድምፁና ከድንገተኛ መብራቱ ጋር ነው። ፊልሙ ይቀጥላል፣ ቬንትሌተሩ ግን ቆሟል፤ በጨለማ ውስጥ ማንም አያውቅም። ወረርሽኝ እያለ ለመክፈት የሚጠይቅ ሲኒማ ቤት ቬንትሌተሩ በጄነሬተሩ መስመር ላይ መሆኑን ማሳየት አለበት። ካልሆነ መብራት ጠፍቶ 10 ደቂቃ ካለፈ ፊልሙ ይቁም፣ በሮቹ ይከፈቱ። የጄነሬተሩ ጭስ ማውጫ ከአየር ማስገቢያው ርቆ መቀመጡም ይታይ፤ አለበለዚያ ተመልካቹን ከቫይረስ አድነን በካርቦን ሞኖክሳይድ እንጎዳዋለን።

ባለቤቱም ተቆጣጣሪውም በየቀኑ ሊያዩት የሚችሉት መሣሪያ የካርቦን ዳይኦክሳይድ መለኪያ ነው። ዝም ብሎ የተቀመጠ ሰው በሰዓት 18 ሊትር ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያስወጣል። አየሩ ካልተቀየረ ይህ ይከማቻል፤ ስለዚህ የመለኪያው ቁጥር ስንት የሌላ ሰው ትንፋሽ እንደምንስብ ይነግረናል። በባሕር ወለል ከፍታ ላይ በነፍስ ወከፍ 10 ሊትር አየር ሲገባ ቁጥሩ በውጭ ካለው 420 ፒፒኤም (ከአንድ ሚሊዮን የአየር ክፍል 420ው ካርቦን ዳይኦክሳይድ) ላይ 500 ጨምሮ 920 አካባቢ ይረጋል። የውጭ አገር መመሪያዎች ላይ የምናያቸው የ800ና የ900 ገደቦች የተወሰዱት ከዚህ ዓይነት ስሌት ነው።

አዲስ አበባ ላይ ግን ይህን ቁጥር እንዳለ መገልበጥ አይቻልም። ከተማዋ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች የአየር ግፊቱ የባሕር ወለሉን ሦስት አራተኛ ያህል ነው። አየሩ ስስ በመሆኑ ያው የሰው ትንፋሽ በፒፒኤም ሲሰላ ከፍ ይላል። የከተማው ከፍታ በቅንብሩ ላይ በትክክል የተሞላበት መለኪያ በ10 ሊትር አየር 1,070 አካባቢ ያሳያል፤ ከፍታው ያልተሞላበት መለኪያ ደግሞ አሳንሶ ስለሚያነብ በዚያው አየር 815 አካባቢ ያሳያል። መለኪያው የትኛው ዓይነት መሆኑን ለማወቅ ከመንገድ ራቅ አድርጎ ውጭ አውጥቶ ሩብ ሰዓት ማቆየት ነው፦ 420 አካባቢ ካለ ተሞልቷል፣ 315 አካባቢ ካለ አልተሞላም። ራሱን በራሱ የሚያስተካክል መለኪያ ውጭ 420 እያለ ውስጥ ላይ አሳንሶ ሊያነብ ስለሚችል ያ አሠራር ጠፍቶ ከፍታው በእጅ ይሞላ። ይህን ያላወቀ ተቆጣጣሪ ደህናውን አዳራሽ ሊዘጋ፣ የታፈነውን ሊያሳልፍ ይችላል።

የሚለካበት ጊዜና ቦታም ወሳኝ ነው። አየሩ ቀስ እያለ ስለሚከማች በመጀመሪያው 20 ደቂቃ የተነበበ ቁጥር ሁልጊዜ ያማረ ነው። መነበብ ያለበት በፊልሙ የመጨረሻ ሩብ ላይ፣ በተቀመጠ ሰው አፍንጫ ከፍታ፣ ከማንም አፍ ቢያንስ አንድ ሜትር ተኩል ርቆ፣ ከበርና ከማስገቢያ ርቆ ነው።

ፊልሙ ሲያልቅ ደግሞ ሌላ ፈተና ይሠራል። ሰው ሁሉ ወጥቶ በሮቹ ይዘጉ፤ ቬንትሌተሩ በፊልሙ ጊዜ በነበረበት ፍጥነት ይቀጥል። መለኪያው 1,420 ላይ ከነበረ ከውጭው የሚበልጠው በ1,000 ነው። ይህ ብልጫ በግማሽ ቀንሶ ቁጥሩ 920 እስኪደርስ ስንት ደቂቃ እንደፈጀ ይያዝ። 42ን ለዚያ ደቂቃ ማካፈል የአዳራሹ አየር በሰዓት ስንት ጊዜ እንደሚቀየር ይሰጣል። 20 ደቂቃ ከፈጀ 2.1 ጊዜ፣ 7 ደቂቃ ከፈጀ ስድስት ጊዜ ነው። የተገኘው በአዳራሹ ይዘት ተባዝቶ ለ36 ሲካፈል የሚፈቀደውን የሰው ቁጥር ያወጣል፤ ለምሳሌ ያነሳነው አዳራሽ በ20 ደቂቃ 105 ሰው ይሆናል፣ በፍርግርጉ ላይ ከተለካው ጋር ይቀራረባል። ይህ ፈተና ከውጭው ጋር ያለውን ልዩነት ስለሚያወዳድር መለኪያው ከፍታው ባይሞላበትም አይዛባም። በሁለት ፊልሞች መካከል ስንት ደቂቃ ባዶ መተው እንደሚያስፈልግም ከዚሁ ይታወቃል፦ አየሩ በሰዓት ስድስት ጊዜ የሚቀየር አዳራሽ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ከታፈነው አየር 95 በመቶውን ያስወጣል፤ ሁለት ጊዜ የሚቀየረው ግን 63 በመቶውን ብቻ። ቬንትሌተር አጥፍቶ «የ30 ደቂቃ እረፍት» ማድረግ ወንበር ለመጥረግ ካልሆነ አይረዳም።

ትልልቆቹን አዳራሾች ስናነሳ ቪዲዮ ቤቶችና የኳስ ማሳያ ቤቶች እንዳይረሱ አደራ እንላለን። 8 በ6 ሜትር፣ ጣራው 3 ሜትር የሆነ ክፍል 144 ሜትር ኪዩብ ነው። 60 ሰው ሲገባበት በሰዓት 2,160 ሜትር ኪዩብ አየር ይፈልጋል፤ አየሩ በየአራት ደቂቃው ሙሉ በሙሉ መቀየር አለበት ማለት ነው። መስኮቱ ግን ብርሃን እንዳይገባ በጥቁር ጨርቅ ተሸፍኗል። ጨርቁ መነሳት አለበት፤ ጨለማውን ለማቆየት በመስኮቱ ፊት 20 ሳንቲ ሜትር እየተራራቁ በተቃራኒ ጎን የሚከፈቱ ሁለት ጥቁር የተቀቡ ኮምፔንሳቶዎች ማቆም ይቻላል፤ አየሩ ተጣምሞ ያልፋል፣ ብርሃኑ ይቀራል። በአንዱ ግድግዳ ከላይ የማስወጫ ቬንትሌተር፣ በተቃራኒው ግድግዳ ከታች የማስገቢያ ቀዳዳ ይደረግ። ለ20 ሰው የ35 በ40 ሳንቲ ሜትር ቀዳዳ ይበቃል፤ ለ60 ሰው 60 በ70 ያስፈልጋል። ቬንትሌተሩ ካርቶን ላይ የተጻፈው መጠን ምንም ሳይጋረድበት የተለካ ስለሆነ ሲገዙ የሚፈለገውን እጥፍ መያዝ ይሻላል። ይህን ማድረግ ያልቻለ ክፍል ወረርሽኝ እያለ ባይከፈት ይሻላል፤ በግቢ ውስጥ፣ በሸራ ጥላ ሥር ማሳየት አማራጭ ነው።

ማስክ በፊልሙ ጊዜ ሁሉ ይደረግ። ፈንዲሻና ለስላሳ አዳራሽ ውስጥ ከተፈቀደ ማስኩ ሁለት ሰዓት አገጭ ላይ ይውላል፤ ስለዚህ ሽያጩ በመውጫው በር ይሁንና ተመልካቹ ይዞት ይሂድ። ገቢው ሙሉ በሙሉ አይቀርም። በመግቢያው አዳራሽ የሚለቀቀው ሙዚቃ ይቀነስ፤ ሰው በጩኸት ሲያወራ የሚያወጣው ጠብታ በጣም ይጨምራል፤ መግቢያዎች ደግሞ ጣራቸው ዝቅ ያለ፣ አየራቸውም የታፈነ ነው። የፊልም ምርቃት፣ ከነሰልፉና ከነፎቶ መነሻው፣ ወረርሽኙ እስኪያልፍ ይቆይ። የፋሲካና የእንቁጣጣሽ ሰሞን ፊልሞች በየአዳራሹ 30 ደቂቃ እየተራራቁ ይጀምሩ፤ መግቢያና መውጫ በር ይለይ። ቲኬቱ ላይ የወንበር ቁጥር ይጻፍ፤ ጉርዱ ላይ ስልክ ቁጥር ተመዝግቦ 14 ቀን ተቀምጦ ይቃጠል።

በር ላይ ሙቀት መለካት ምልክት የሌለውን ሰው አይለይም፤ ብዙ ተስፋ አይጣልበት። የሚነኩ ቦታዎች በሳሙና ከተጠረጉ በኋላ 20 ሚሊ ሊትር 5 በመቶ በረኪና ለ980 ሚሊ ሊትር ውሃ ተበጥብጦ፣ በየቀኑ አዲስ ሆኖ ይበቃቸዋል። በረኪና ከአሲድ ጋር አይቀላቀል፣ የጨርቅ ወንበር ላይ አይፍሰስ፣ በሰው ላይ ከቶ አይረጭ። አልኮል በፕሮጀክተር ክፍል ውስጥ በርጭት አይጠቀሙ፤ ይቃጠላል።

ለወራት ተዘግቶ የቆየ ቤት ከመክፈቱ በፊት ቧንቧዎቹ ለአምስት ደቂቃ ያህል ይፍሰሱ፤ የመጸዳጃ ቤት ሲፎኖች ደርቀው ከሆነ የፍሳሽ ጋዝ ወደ ውስጥ ስለሚገባ ውሃ ይጨመርባቸው። በወንበሮች ሥር የቀረ ፈንዲሻ አይጥ ስለሚጠራ ሽቦዎቹ ተበልተው እንደሆነ ይታይ። የዲጂታል ሲኒማ ሰርቨር ያላቸው ቤቶች በመዘጋቱ ጊዜም በወር ቢያንስ አንድ ቀን ያብሩት፤ የውስጥ ባትሪው ካለቀ የደኅንነት ማረጋገጫውን ያጣል፣ ፊልምም አይከፍትም።

ጤና ሚኒስቴርንና የከተማውን የባህልና የጤና ቢሮዎች የምንጠይቀው በዚህ ዓመት፣ አዳራሾቹ ሞልተው እያሉ፣ በቅዳሜና እሑድ ትርኢቶች ላይ ልኬቱ እንዲደረግና ለእያንዳንዱ ሲኒማ ቤትና ቪዲዮ ቤት የወረርሽኝ ጊዜ የሰው ቁጥር ተጽፎ እንዲሰጠው ነው። ቁጥሩና የተለካበት ቀን ቲኬት መቁረጫው መስኮት ላይ ይለጠፍ፤ ቬንትሌተር በተቀየረ ወይም ወንበር በተጨመረ ቁጥር እንደገና ይለካ። አዲስ ለሚሠሩ አዳራሾችም የግንባታ ፈቃድ ሲሰጥ በነፍስ ወከፍ 10 ሊትሩ በንድፉ ላይ መታየቱ ይረጋገጥ፤ ጣራው ከተዘጋ በኋላ የአየር ቱቦ ማስገባት ወጪው ብዙ ነው።

የአየር ማስተላለፊያና የሲኒማ ቤት ቴክኒክ ባለሙያዎች
አዲስ አበባ